ሰው የሚጠብቅ በር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አዲስ ክላይንት ተሰጠኝ፤ ቤቱ እየሄድኩ የምንከባከበው ሰው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ፣ ሰባተኛ ፎቅ። ከቤቴ አንድ አውቶቡስ ብቻ። ኤጀንሲው ለአንዴ እንኳ አሰበልኝ።

ሽማግሌ ናቸው። ከሆንግ ኮንግ የመጡ ቻይናዊ። ስማቸው ላም... ሚስተር ላም። ልጃቸው ስትነግረኝ ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራት? ክፉ ነገርም አልነበረም። ተውኩት።

ቤት ውስጥ ኮት ይለብሳሉ። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ስገባ ወገባቸውን እያመማቸው ከወንበራቸው ተነሡ፤ በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። እንዲህ የሚጨብጥ ሰው የት ነው የማውቀው? ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። አልመጣልኝም።

መድኃኒት ይረሳሉ። ጠዋት ጠዋት ደህና ናቸው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው ሐሳባቸው የሚበተነው ብላኛለች ልጃቸው፣ ግሬስ። ዲሲ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። እናትየዋ ሞታለች። እሷና እሳቸው ብቻ ናቸው።

ገላ አጠብኩ፣ ሩዝ ቀቀልኩ፣ አስተኛሁ። ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ቀና ብለው፣ "ክፈቺላት፣ እያንኳኳች ነው" አሉኝ። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል።

ከፈትኩ። ኮሪደሩ ባዶ ነው። የሰው ቤት ወጥ ይሸታል፣ ሌላ ምንም።

"ማንም የለም" አልኳቸው።

"ሄዳለች ማለት ነው።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ዛሬም አንኳኳች አሉ። ዛሬም ከፈትኩ። ዛሬም ማንም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሐኪም ቤት ወስጃቸው ስንመለስ ኤሌቬተሩ ተበላሽቷል። ሎቢው ውስጥ ሰው ተኮልኩሏል። ልጅ ያዘለች ሳልቫዶራዊት፣ ውሃ በካርቶን የተሸከመ የኛ አገር ሰው፣ በዊልቸር ያለች አሮጊት... ሁሉም ያጉረመርማል።

ሚስተር ላም አንድ በአንድ መጨበጥ ጀመሩ። "ስንተኛ ፎቅ ነሽ? ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው? ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?" ከዚያ ወደ ህንፃው ማናጀር ቢሮ ገቡ። እኔም ተከተልኩ፤ ይወድቁብኛል ብዬ። አልጮሁም። ፈገግ እያሉ፣ ዝግ ብለው ተናገሩ፤ ማናጀሩ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ የነበረው ቀስ በቀስ ተቃና። ስልክ ደወለ። ምሳ ሳይደርስ ሠራተኛ መጣ።

ውሃ የተሸከመው ሐበሻ፣ "እኚህ ሰውዬ ምንድን ናቸው?" አለኝ። እኔስ መቼ አወቅኩ?

ቤት ገብተን ጠየቅኳቸው።

"ፖለቲከኛ ነበርኩ" አሉ። "ትንሽ ፖለቲከኛ።"

የወረዳ ምክር ቤት ተመራጭ። ከመንግሥት ጎን በቆመ ፓርቲ። ሲያወሩ ዓይናቸው በራ። ያደጉት ኮረብታ ላይ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ በተደገፈበት ሰፈር ነው። አንድ ሌሊት እሳት በላው። እናታቸው እሳቸውንና አንድ ብርድ ልብስ ይዛ ወጣች። ከዚያ መንግሥት ፎቅ ሠርቶ አንድ ክፍል ሰጣቸው። "ያን ቀን ነው ወገን የለየሁት" አሉ። ያኔ መንግሥቱ የእንግሊዝ ነበር፤ በኋላ ደግሞ የቤጂንግ ሆነ። እሳቸው ልዩነቱ ብዙም አልታያቸውም። ቤት የሰጠ መንግሥት ነው።

ልጅ እያሉ የፕላስቲክ አበባ ፋብሪካ ሠርተዋል። ቀጥሎ ጸሐፊ፣ ቀጥሎ የነዋሪዎች ማኅበር፣ ከዚያ ምርጫ። በተወዳደሩ ቁጥር ያሸንፋሉ። ለአውቶቡስ ማቆሚያው ጣሪያ አሠሩ። ለአሮጊቶች ደረጃው ላይ የእጅ መደገፊያ። ለበዓል ሩዝና ዘይት። ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደርሳሉ፤ ሲጋባ ሰርግ ይሄዳሉ። ቢሯቸው ከፎቆቹ ሥር፣ ምድር ቤት ነበር።

"ሕዝቡ ቤጂንግን አያውቅም፣ ገዢውንም አያውቅም። የሚያውቀው እኔን ነው" አሉ። መንግሥት ማለት እሳቸው ነበሩ ማለት ነው፣ ለዚያ ሰፈር።

አሁን መጣልኝ። እንዲህ የሚጨብጠው አባባ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቤተ ክርስቲያን እማማ ወርቅውሃን አየኋቸው። "ደህና ነሽ ልጄ?" አሉኝ። "ደህና ነኝ እማማ" አልኩ። ሁልጊዜ ይኼው ነው። ሁለታችንም ከዚያ አናልፍም። ስንት ዓመት?

እንደው ልጻፈው። ከማን እደብቀዋለሁ...

አባባ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ጉለሌ። በረንዳችን ላይ ሰው አይጠፋም። ለመታወቂያ፣ ለስኳር፣ ለቤት ጥገና። አባባ ሁሉንም ይጨብጣል፣ ሁሉንም በስም ይጠራል። በኋላ ግን የሚመጡት እናቶች ብቻ ሆኑ። ስለ ልጆቻቸው። በሩ ሲንኳኳ እማዬ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ታስገባኝ ነበር። የሚያወሩት አይሰማኝም። የበሩ ድምፅ ግን ይሰማኛል። ዛሬም ይሰማኛል።

እማማ ወርቅውሃ ጎረቤታችን ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው ይገዙ ተወሰደ። አልተመለሰም። በቃ፣ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

አባባ አዲስ አበባ ሲሞት እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ተቀመጥኩ። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ መጣ። እማማ ወርቅውሃ አልመጡም። አልፈረድኩባቸውም። ግን እሳቸውም ከእናቶቹ አንዷ ነበሩ? መጥተው ነበር? ምን አላቸው? እማዬም የለችም፣ ማንን ልጠይቅ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ግሬስ ዴይ ኦፍ ነበረች። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየላጥን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አጫወተችኝ። አባትዋ ሳሎን ቁጭ ብለው በሩን ያያሉ።

"የምታንኳኳዋ ማን ናት?" አልኳት።

"ሚስስ ዮንግ ትባላለች። ሞታለች።"

ባሏ የሞተባት፣ የገበያ አዳራሽ የምታጸዳ ሴት። አንድ ልጅ አላት፣ ቺ ሆ። ለሃያ ዓመት ቢሯቸው ትመጣ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ባልየው ሲሞት ለቀብሩ። ሚስተር ላም ሁሉንም ጨርሰውላታል። ልጁን ፒንግ ፖንግ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከነግሬስ ጋር።

ከዚያ በፈረንጆቹ 2019 መጣ። ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ጭስ፣ ዱላ። ሚስተር ላም ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ሥርዓት ይከበር፣ ፖሊስ ሥራውን ይሥራ አሉ። ከመንግሥት ሜዳሊያ የተሸለሙ ሰው ናቸው፤ ሌላ ምን ሊሉ? ግሬስ ያኔ እዚህ አሜሪካ ተማሪ ነበረች። አይታ ስልኩን ዘጋችባቸው። ሁለት ዓመት አላወራችም።

በዚያው ሰሞን ቺ ሆን አፍሰው ወሰዱት። በዋስ ሲወጣ ምን አደረገ? በዚያው ሰፈር፣ በሚስተር ላም ላይ ተወዳደረ። አሸነፋቸው። ከእሳቸው ሩዝና ዘይት ይወስዱ የነበሩ አሮጊቶች ሳይቀሩ ለልጁ ድምፅ ሰጡ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ፈረዱበት። እናቱ እሱ እስር ቤት እያለ ሞተች።"

ሽንኩርቱን አስታክካ ዓይኗን ጠረገች።

ገባኝ መሰለኝ። አንኳኩታ አልከፈቱላትም። እሱ ነው የሚያሳድዳቸው። እንደዚያ ነው የሚሆነው፣ አውቀዋለሁ...

ዓርብ፣ ኅዳር 5

አልገባኝም ኖሯል።

ዛሬ እንደ ልማዳቸው "ክፈቺላት" ሲሉኝ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። "ሚስተር ላም፣ ያን ጊዜ ስታንኳኳ ለምን አልከፈቱላትም?" አልኳቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም። ኤጀንሲው ቢሰማ...

ትክ ብለው አዩኝ። ጥርት ያለ ዓይን። ያን ሰዓት እንዲህ ሆነው አያውቁም።

"አላንኳኳችም እኮ" አሉ።

ልጇ የተያዘ ጠዋት ወሬውን እንደሰሙ ቢሮ ገቡ። መብራት አበሩ። ለሁሉ ነገር የምትመጣ ሴት፣ ዛሬ ሳትመጣ አትቀርም። ምሳ አልበሉም። ጸሐፊዋን እንኳ አትሂጂ አሏት። በሩ መስታወት ነው። ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከፎቁ ወረደች። በቢሮው ፊት ለፊት መጣች።

"አየኋት። አየችኝ። አለፈች።"

በማግሥቱም ጠበቁ። ምርጫው እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ። አልመጣችም። ከምክር ቤቱ ወጥተው፣ ቢሮውን አስረክበው፣ እዚህ አገር መጥተው... አሁንም እየጠበቁ ናቸው።

"ሌሎቹ ድምፅ ነሱኝ፣ ይሁን" አሉ። "እሷ ግን ለምን አለፈችኝ?"

ሻይ ላፈላ ተነሣሁ።  

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ቤቴ ነበርኩ። ልብስ እያጠፍኩ ድንገት ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ልጄ ዮዲ ከስልኳ ቀና ብላ፣ "ማም፣ ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?" አለችኝ።

"ማንንም" አልኳት።

በሩ ሲንኳኳ ሰምቼ ነበር። የእንጨት በር ድምፅ። የኛ አፓርትመንት በር ብረት ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

አሌክሳንድርያ ሄድን።

ለካስ ቺ ሆ እዚሁ ነው ያለው። ከእስር ወጥቶ አክስቱ ጋ መጣ፤ አሌክሳንድርያ፣ ከዱክ ስትሪት ገባ ያለች የአክስትየው ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ያበስላል። ግሬስ ታውቅ ነበር። ለአባትዋ አልነገረቻቸውም። ከሰሞኑ በየቀኑ "ልጁ የት ደረሰ?" ሲሏት አላስቻላትም። ደወለችለት። "ይምጡ፣ ግን ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥም" አላት።

እኔን አብረሽኝ ነይ አለችኝ። ሺፍቴ አልነበረም። ሄድኩ።

ድልድዩን ስንሻገር ሚስተር ላም ኮታቸውን ቆለፉ። ማበጠሪያ ጠየቁኝ።

ከኋላ በኩል፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ወጣልን። ሽርጡን አልፈታም። ቀጭን ነው፤ ገና ወጣት ሆኖ ሸብቷል። ሚስተር ላም በሁለት እጃቸው ጨበጡት። አልጨበጠም፣ አልነጠቀም፤ እጁን ብቻ ተወላቸው። በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉት። "ከስተሃል" ነው ያሉት አለችኝ ግሬስ።

እሱ ወደ እኔ አየና በእንግሊዝኛ ቀጠለ። "ሌላ ሰውም ይስማው" አለ። እንግሊዝኛ ላይ አንተም አንቱም አንድ ነው... እንደ አነጋገሩ ከሆነ ግን አንቱ ነው ያላቸው። እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

"እናትህ በቢሮዬ በኩል አለፈች" አሉት ሚስተር ላም። "መብራት አብርቼ ነበር። ለምን አልገባችም?"

 ከኩሽናው የዘይት ጭስ ይወጣል።

"እኔም ጠይቄያታለሁ" አለ በመጨረሻ። "በዋስ የወጣሁ ቀን። ሚስተር ላም ጋ ለምን አልሄድሽም አልኳት።"

"ምን አለች?"

"ብሄድ ደህና አድርገው ይቀበሉኛል አለች። ያስቀምጡኛል። ሻይ ይቀዱልኛል። እስቲ እናያለን፣ እንደውላለን ይሉኛል። እኔም አመስግኜ እወጣለሁ። ልጄ ታስሮ ማንንም ማመስገን አልችልም አለች።"

ሚስተር ላም ኮታቸውን በእጃቸው ያዙ፣ እንደ በረደው ሰው።

"ብትገባስ ኖሮ?" አላቸው ቺ ሆ። "ምን ያደርጉላት ነበር?"

አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ግሬስ ፊቷን አዞረች። አንድ ነገር እንዲሉ ጸለይኩ፤ ውሸትም ቢሆን። ጠበቃ እጠራላት ነበር ይበሉ። ጣቢያ እሄድላት ነበር ይበሉ።

"ሻይ እቀዳላት ነበር" አሉ።

ቺ ሆ ራሱን ነቀነቀ። የተናደደም አይመስል። ሊገባ በሩን ከፈተና ዞር አለ።

"ለአውቶቡስ ማቆሚያው ያሠሩት ጣሪያ... ዝናብ በዘነበ ቁጥር ስምዎን ታነሣ ነበር። በደግ።"

ገባ።

ተመለስን። ወንዙ ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር። ሚስተር ላም የመኪናውን መስታወት እያዩ ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ኮቱን አልለብስም አሉ። በሰዓቱ ጠበቅኩ። "ክፈቺላት" አላሉም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ዝምታው ከማንኳኳቱ ባሰብኝ። ተነሥቼ ሳይነግሩኝ በሩን ከፍቼ አየሁ። እኔው ራሴ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

እማማ ወርቅውሃ፣ "ደህና ነሽ ልጄ?"

አፌን ከፈትኩ። "ደህና ነኝ እማማ።"

ሐሙስ፣ ጥር 7

ሐሳባቸው እየራቀ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ግሬስን በእናትዋ ስም ነው የጠሯት።

ዛሬ ግን ወደ ማታ፣ ብቻቸውን ተነሥተው አልጋቸው አጠገብ ቆሙ። "ኮቴን አምጪ።"

"ወዴት ነው?"

"የሚስስ ዮንግን ልጅ ወስደውታል። ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።"

"አንኳኳች እንዴ?"

"አላንኳኳችም" አሉ። "ቢሆንም እሄዳለሁ።"

ለግሬስ ኮል አደረግኩ፤ አታነሣም፣ ሥራ ላይ ናት። እንዲህ ሲሆን ወሬ ቀይሪባቸው፣ ሻይ ስጪያቸው ነው የተባልነው። ሻይ... እንዴት ብዬ ሻይ ልስጣቸው? ኮቱን አለበስኳቸው። ካልሲ ደረብኩላቸው። ኮፍያ፣ ስካርፍ። ክንዳቸውን ይዤ ወረድን።

ጆርጂያ አቬኑ ላይ በረዶው ዳር ዳሩን ተቆልሏል። ሰው ከሜትሮው እየወጣ ይሮጣል። እሳቸው አልፈጠኑም፤ ቀጥ ብለው፣ አገጫቸውን አንሥተው ሄዱ። እንዲህ ሲራመዱ አይቼ አላውቅም። እየሄዱ ያወራሉ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በቋንቋቸው። "ልጁን አውቀዋለሁ እላቸዋለሁ። እኔ ነኝ ያሳደግኩት እላቸዋለሁ። ፓርቲው ይቆጣል። ይቆጣ።" የለበሱትን ኮት በእጃቸው ያስተካክላሉ።

ከመብራቱ ጋ ስንደርስ ቆሙ። አረንጓዴ ሆነ፣ ቀይ ሆነ፣ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። አልተሻገሩም። ዞረው አዩኝ።

"ወዴት ነበር የምንሄደው?"

"ልጁን ልናስፈታ ነው፣ ሚስተር ላም።"

"የማንን ልጅ?"

አፌ ላይ የመጣው የይገዙ ስም ነው። እዚያ መንገድ ላይ፣ ከነሙሉ ስሙ። ዋጥኩት። ሚስተር ላም ፊቴን እያዩ መልስ ይጠብቃሉ። ከዚያ በረደኝ አሉ። መለስኳቸው።

ማታ ለግሬስ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። "ጣቢያ እሄዳለሁ አለ? ራሱ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። አንድ ጊዜ ድገሚልኝ አለችኝ። ደገምኩላት።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ዊተን የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ። ግሬስ ብቻዋን አልቻለችም። አልቅሳ ነው የፈረመችው። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ክላይንት ተሰጥቶኛል፤ ከሥራ በኋላ ሄጄ አየኋቸው።

አላወቁኝም። ግን ጨበጡኝ። በአንድ እጅ።

የክፍላቸው በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ነርሶቹ ሳያንኳኩ ይገባሉ፣ ሳያንኳኩ ይወጣሉ። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረውላቸዋል። ፓርኪንጉን ያያሉ።

ቺ ሆ ደውሎ ነበር አለችኝ ግሬስ። ያን ቀን ጣቢያ እሄዳለሁ ብለው መንገድ መውጣታቸውን ነገረችው። "በየትኛው መንገድ?" አላት። ስሙን ነገረችው። በቃ፣ ዘጋ።

እሑድ፣ የካቲት 1

ሄድኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ልጠይቃቸው አስቤ፣ እዚያ ሰው ፊት አይሆንም አልኩ። ታኮማ ፓርክ ነው የሚኖሩት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ልጃቸው ሥራ እንደምትውል አውቃለሁ። በሩ ላይ ቆሜ እጄን አነሣሁ፣ አወረድኩ። ልመለስም ብዬ ነበር። ከዚያ አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"ብሩክታይት ነኝ፣ እማማ።" ቆየሁና ጨመርኩ። "የሀብተማርያም ልጅ።"

በዚህ ሁሉ ዓመት በአባባ ስም ራሴን ጠርቼላቸው አላውቅም።  ሰንሰለቱ ተንቀጫቀጨ።

"አውቄሻለሁ እኮ" አሉ። "ግቢ፣ ብርድ ነው።"

ነጠላቸውን አልፈቱም ገና። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እንዴት እንደምጀምረው መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉም ጠፋኝ።

"እማማ... ይገዙ የተወሰደ ጊዜ፣ አባባ ጋ መጥተው ነበር?"

"መጥቻለሁ።"

"ከፈተልዎት?"

"እንዴት አይከፍት? አባትሽ በር የሚዘጋ ሰው አልነበረም።" ጉልበታቸውን በእጃቸው አሻሹ። "ወንበር ሰጠኝ። በስሜ ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ልጄን ግን አልሰጠኝም።"

ምን ልበል? ይቅርታ ልበል? በማን ስም? እንባዬ መጣ፤ ፊታቸው ላለማልቀስ አቀረቀርኩ። የእሳቸው ነው ለቅሶው፣ የእኔ አይደለም።

"አንቺ ሕፃን ነበርሽ" አሉ። "እኔም ለቅሶሽን ሳልደርስ ቀረሁ። ለብሼ ነበር። በሩ ድረስ ወጥቼ እግሬ እምቢ አለ።"

"አልፈረድኩም እማማ።"

"አውቃለሁ።"

 ከታች አውቶቡስ ሲቆም፣ ሲሄድ ይሰማል። ከዚያ ሳላስበው፣ "ምን ዓይነት ልጅ ነበር?" አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። የሚያዩኝ ሌላ ሰው የመጣ ያህል ነው። ለመናገር አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፃቸው የማውቀው ድምፅ አልነበረም፤ የወጣት ሴት ነው። እስኪመሽ አወሩኝ። ግራኝ ነበር። መምህሩ በቀኝህ ጻፍ እያለ ይገርፈው ነበር። ሲሄድ ያፏጫል፤ ከመንገዱ ጫፍ ሲመጣ በፉጨቱ ያውቁታል። ሱቅ ሲላክ እህቱን በጀርባው አዝሎ ይሄድ ነበር፣ የተላከችው እሷ ትመስል። ሽንኩርት አይወድም። ከወጡ ውስጥ አንድ በአንድ እየለቀመ ትሪው ዳር ይደረድራል፤ በዚህ ብቻ ይጣሉ ነበር።

እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው መወሰዱን ብቻ ነበር።